ስፌቱ ሳያልቅ የማይነሳ አውቶቡስ

ጋሽ ስፖንጅ የከተማችንን አውቶቡሶች ከላይም ከሥርም፣ ከፊትም ከኋላም ያውቋቸዋል። ሲሄዱ ብቻ አያውቋቸውም ነበር።

ይህን ለማመን እኛም የሰፈሩ ሰዎች ጊዜ ወስዶብናል። ሰውዬው ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ በአውቶቡስ ጋራዥ የወንበር ልብስ ሰፊ ናቸው። የተቀደደውን ፎደራ ይገፍፋሉ፣ የረገፈውን ስፖንጅ ያወጣሉ፣ አዲስ ይሞላሉ፣ መልሰው ይሰፋሉ። በዚህ ከተማ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ሁሉ፣ ተማሪውም፣ ነርሷም፣ ዳኛውም፣ ኪስ አውላቂውም በእሳቸው እጅ ሥራ ላይ ተቀምጧል። ችግሩ ሥራቸውን ሰው ሁሉ በጀርባው እንጂ በፊቱ አለማየቱ ነው።

ቤታቸው ከጋራዡ ግንብ ጀርባ ነው። ግንቡ ላይ ለእሳቸው ብቻ የተተወች የምትመስል ጠባብ የብረት በር አለች፤ ጠዋት በእሷ ጎንበስ ብለው ይገባሉ፣ ማታ በእሷ ጎንበስ ብለው ይወጣሉ። ገበያው በወዲህ፣ ፀጉር አስተካካዩ በወዲያ፣ ሁሉም በእግር ነው። አውቶቡስ የሚያስይዝ ጉዳይ ሳይገጥማቸው ጡረታቸው ተቃረበ።

ለምን እንደማይሳፈሩ ሲጠየቁ መልሳቸው እንደ ጠያቂው ነበር።

«እኔ የማያቸው ታመው ሲመጡ ነው» ይላሉ ለአንዱ። «በሽተኛ ጀርባ ላይ ወጥቶ መንገድ የሚሄድ ማን አለ?»

ለሌላው ደግሞ «ያዞረኛል» ይላሉ።

«ሳይሳፈሩ እንዴት አወቁ?»

«ሳስበው ያዞረኛላ።»

እውነተኛውን ምክንያት የምታውቀው ልጃቸው ብቻ ናት። ጋሽ ስፖንጅ ወንበር ሰፍተው ሲያስረክቡ መዳፋቸውን ፎደራው ላይ አሳርፈው ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ምን እንደሚያደርገው ማየት አይፈልጉም። በምላጭ የሚሸረክተው አለ፤ ማስቲካ የሚለጥፈው አለ፤ የሴት ጓደኛውን ስም በእስክሪብቶ የሚጽፍበት አለ። ጋራዥ ሲመጣ ማየቱ ይበቃቸዋል። ሲደረግ ቆሞ ማየት ሌላ ነገር ነው።

ልጃቸው ሚጣ የጭነት መኪና ሹፌር አግብታ ከተማው ማዶ ከገባች ወዲህ እሑድ እሑድ እየመጣች ትጠይቃቸው ነበር። አሁን ግን የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ መውለጃዋ ተቃርቧል፤ ሐኪሙም «መንገድ የሚባል ነገር እንዳታስቢ» ብሏታል። ባሏ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አገር ጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ መሄድ ያለባቸው አባትየው ሆኑ።

አንድ እሑድ ፌርማታው ድረስ ሄደው «ዝናብ ሊመጣ ነው» ብለው ተመለሱ፤ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን የጠራ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ አውቶቡሱ መጣ፤ «የኋላ ጎማው አላማረኝም» ብለው አሳለፉት። ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳርፈው ነበር። ነገር ግን አንድ ሰውዬ ጫማውን ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ላይ ሰቅሎ አዩት፤ እግራቸውን አውርደው ቤታቸው ገብተው ተኙ። ለልጃቸው «ጉንፋን ነው» አሏት።

በአራተኛው እሑድ ጠዋት ሚጣ ራሷ ደወለች።

«አባዬ፣ ዛሬስ ምንድን ነው? ዝናብ ነው፣ ጎማ ነው፣ ጉንፋን ነው?»

«ዛሬ እመጣለሁ።»

«ባለፈውም እመጣለሁ ብለህ ነበር። ስማኝ አባዬ፣ መስኮቴ ፌርማታው ላይ ነው የሚያየው። ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ። ከአውቶቡስ ስትወርድ ካላየሁህ ከእንግዲህ ና አልልህም። ስወልድም አልልህም።»

ጋሽ ስፖንጅ ስልኩን ዘግተው ተነሱ። ሚጣ ባለፈው ሳምንት «ወንበሩ ወገቤን ገደለው» ስትል ሰምተው የወገብ መደገፊያ ትራስ ሠርተውላት ነበር፤ ከአንድ ጎኑ በቀር ሁሉም ተሰፍቷል። ያንን ጎን ሆን ብለው ክፍት የተዉት ወገቧን በእጃቸው ለክተው፣ ስፖንጁን ቀንሰው ወይም ጨምረው ሊዘጉት ነው። ሳይለኩ የዘጉት ትራስ በሕይወታቸው የለም። ትራሱን ብብታቸው ሥር ወተፉ፤ ቆልማማውን መርፌና የተረፈውን ወፍራም ክር ኮት ኪሳቸው ከተቱ።

ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው ልብስ አጣቢዋ እትዬ ሳሙና ናቸው። ስፖንጅና ሳሙና አጠገብ ላጠገብ ስለሚኖሩ ሰፈሩ «የቀራቸው ውሃ ብቻ ነው» እያለ ይስቃል። እትዬ ሳሙና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተነሱ።

«ዛሬ እስክትሳፈር ብቻህን አለቅህም፤ መንገድ ላይ ትቀልጣለህ።»

«ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«ሕፃንማ ቢሆን ደስ ብሎት ይሳፈራል። ና ቅደም።»

ፌርማታው ላይ አውቶቡሱ ሲቆም እትዬ ሳሙና ትኬት ቆራጯን በመስኮት ጠሯት።

«የኔ ልጅ፣ እኚህን ሰውዬ ልጃቸው ደጅ፣ የውሃ ታንከሩ ጋ አውርጂልኝ። አዲስ ናቸው።»

«ለከተማው ነው?»

«ለከተማውማ አሮጌ ናቸው። ለአውቶቡስ ነው አዲስ።»

ይህ ሲባል ጋሽ ስፖንጅ በኋላው በር በኩል ከሚወርዱት ሰዎች ጋር እየተጋፉ ይገቡ ነበር።

«አባባ! በዚያ መውጫ ነው! መግቢያው በፊት ነው!»

«እኔ ሁልጊዜ በዚህ ነው የምገባው» አሉ ወደ ኋላ ሳያዩ።

ትኬት ቆራጯ ወደ እትዬ ሳሙና ዞረች። «አዲስ ናቸው አላሉኝም?»

«በይ ሂጂ፤ ትደርሺበታለሽ» አሉ እትዬ ሳሙና።

ውስጥ ገብተው ቆሙ። ባዶ ወንበር ነበር፤ አልተቀመጡም። አንዱን ወንበር ሐኪም ሆድ እንደሚዳስስ በመዳፋቸው ጫን አሉት፤ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ጎተት አደረጉት።

«ይቀመጡ እንጂ አባባ።»

«ቆይ ልየው። ይሄን ባለፈው ክረምት ነው የሰፋሁት። ጠርዙ ትንሽ ከድቶኛል።»

አውቶቡሱ ነቅነቅ ብሎ ሲነሳ ምርጫ አላገኙም፤ ዱብ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሆነ። ያንን ስፖንጅ ዘመናቸውን ሙሉ በእጃቸው ነው የሚያውቁት። አሁን መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ወደ ታች ይሰምጣል፣ ተመልሶ ያነሳቸዋል፤ ይሰምጣል፣ ያነሳቸዋል። ለካ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንድ ሰው የሠራውን ሳጥን ሲሸጥ ኖሮ አንድ ቀን ሬዲዮ መሆኑን ቢሰማ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሰው እንዳያያቸው ወደ መስኮቱ ዞረው ፈገግ አሉ።

ፈገግታው ብዙ አልቆየም። ከፊታቸው የተቀመጠ ወጣት ክንዱን ወንበሩ ላይ ዘርግቶ፣ ከተተረተረ ስፌት መሃል ስፖንጅ እየቆነጠረ፣ እያድቦለቦለ በመስኮት ይወረውራል። እጁ ነው እንጂ ሐሳቡ እዚያ የለም።

«ልጄ፣ ምን በደለህ?»

«ማን?»

«ወንበሩ።»

ወጣቱ ዞሮ አያቸው። «ጋሼ፣ እኔ አልቀደድኩትም። ስገባ አፉን ከፍቶ ነው ያገኘሁት።»

«አፉን ከፍቶ ያገኘኸውን ሁሉ አንጀቱን ታወጣለህ?»

ከማዶ ቅርጫት አቅፈው የተቀመጡ አሮጊት ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይበሉት! ጥርሱን አውልቀው ይስጡት!»

ጋሽ ስፖንጅ መስኮቱን ለማየት ሞከሩ። ሱቆቹን፣ የግንብ አጥሮቹን፣ የተሰጣ ልብሱን ለማየት ሞከሩ። አልሆነም፤ ዓይናቸው ወደዚያ ስፌት ይመለሳል። እኚህ ሰው በሥራ ላይ እያሉ የተተረተረ ስፌት ትተው ምሳ በልተው አያውቁም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቀሪው ስፌት ክንድ ቢያህልም መጀመሪያ ይዘጉታል፤ ወጡ ይቀዘቅዛል እንጂ ስፌቱ ክፍት አይቀርም። አሁንም እጃቸው ሳይጠየቅ ኪሳቸው ገባ።

«ተነስልኝ እስቲ ለአፍታ።»

«ለምን?» ወጣቱ ቆልማማውን መርፌ አየና ብድግ አለ። «ኧረ ሰውዬው መርፌ ይዘዋል!»

«አይዞህ፣ ክትባት ነው» አሉ አሮጊቷ።

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ስፖንጅ አልሰሙም፤ ተንበርክከው ጀምረዋል።

እዚህ ላይ የጋራዡን ደንብ መናገር ያስፈልጋል። ጋሽ ስፖንጅ አንድ አውቶቡስ ውስጥ ገብተው ሲሰፉ ሞተር የሚያስነሳ የለም። መካኒኩ በር ላይ ቆሞ «ጨረሱ?» ይላል፤ እሳቸው ክር በጥርሳቸው ስለያዙ አይመልሱም፤ ግራ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ቆይ ማለት ነው። መካኒኩ ይቆያል፤ ሹፌሩም ይቆያል፤ የጋራዡ ኃላፊም መጥቶ እጁን ኪሱ ከትቶ ይቆያል። በዚህ ዓለም ላይ ለጋሽ ስፖንጅ የሚታዘዝላቸው ትልቅ ነገር ቢኖር አውቶቡስ ነው። የመጨረሻው ስፌት ሳይታሰር ተነስቶ የሄደ አውቶቡስ አይተው አያውቁም።

«የውሃ ታንከር!» አለች ትኬት ቆራጯ። «አባባ፣ ደርሰዋል፤ ይውረዱ!»

ጋሽ ስፖንጅ ግራ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

ሹፌሩ በመስታወት አየ። «ይወርዳሉ አይወርዱም?»

«ቆይ እያሉ ነው።»

«ምን ሆነው?»

«እየሰፉ ነዋ!»

አንዲት ሴትዮ ወረደች። አውቶቡሱ ትንሽ ቆየ፤ ከኋላ የመኪና ጡሩምባ አስቸገረ። ሹፌሩ ትከሻውን ነቅንቆ ማርሽ አስገባ። ጋሽ ስፖንጅ ከእግራቸው ሥር ወለሉ ሲንቀሳቀስ ተሰምቷቸዋል፤ ነገር ግን አውቶቡስ እጃቸውን አይቶ ይሄዳል የሚል ሐሳብ ጭንቅላታቸው ውስጥ መግቢያ በር አልነበረውም። ሰፉ። አሰሩ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፤ ፎደራውን መታ መታ አድርገው «ተቀመጥ» አሉት ወጣቱን።

ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ተነሱ። «በሉ እንግዲህ፣ እኔ ልውረድ።»

«የት?»

«ውሃ ታንከሩ ጋ ነዋ።»

«አልፈነው እኮ መጣን፣ አባባ!»

«እንዴት ይታለፋል? እጄን አንስቼ የለም እንዴ?»

«አንስተዋል፤ አውቶቡስ ግን መንገድ አለው» አለች። ስትናገር ሳቋን ትታ ነበር፤ የሰውዬው ፊት ደም አልነበረበትም።

ስልካቸው ጮኸ።

«አባዬ፣ አውቶቡሱ መጣ። አንዲት ሴትዮ ወረደች። ሄደ።»

«መጥቼ ነበር እኮ ሚጣዬ።»

«የት?»

«ደጅሽ ድረስ። አልፌሽ ነው የሄድኩት።»

«ይሄ አዲስ ነው። ለዚህኛው በደንብ አስበህበታል።»

«እውነቴን ነው! ወንበር ስሰፋ—»

«እሑድ ቀን ጋራዥ ገባህ?»

«ምን ጋራዥ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ነኝ!»

«አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብለህ ወንበር ትሰፋለህ። እሺ።»

ስልኩን ለትኬት ቆራጯ አቀበሏት፤ እሷም ጮክ ብላ «እህቴ፣ አባትሽ እውነታቸውን ነው፣ እዚሁ እኛ ጋ ናቸው» አለች።

«እትዬ ሳሙና፣ ድምፅዎን ቢያቀጥኑም አውቄዎታለሁ» አለች ሚጣ። «ሁለታችሁም አንድ ናችሁ።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «በቃ ለአባቴ ይንገሩልኝ። መስኮቱ ላይ ተቀምጬ ወገቤ ተቆረጠ። መጋረጃውን ዘግቼ ልተኛ ነው።»

ትኬት ቆራጯ ስልኩን መለሰችላቸው፤ ምን እንደተባለም ነገረቻቸው። ጋሽ ስፖንጅ ትራሱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ዝናቡ፣ ጎማው፣ ጉንፋኑ፣ ባለፉት እሑዶች የተናገሯቸው ሁሉ አሁን አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው አጠገባቸው የተቀመጡ ይመስል እሳቸው ጥግ ይዘው ጠበብ አሉ።

«አሁን ልውረድና በእግሬ ልመለስ።»

«አይሆንም፤ ሩቅ ነው፣ ይጠፉብናል» አለች ትኬት ቆራጯ። «መጨረሻ ፌርማታ ደርሰን በዚሁ እንመልስዎታለን። ከዚህ እንዳይነቃነቁ። እጅዎንም እንዳያነሱ።»

መጨረሻ ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ወረደ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ ወደ እሳቸው መጣ።

«ጋሼ፣ ጋራዥ ያሉት ሰፊ እርስዎ ነዎት አሉ። እስቲ ይቺን የኔን ወንበር ይዩልኝ። ጎኔን በላችው።»

ሄደው አዩዋት። ከጎኗ ከላይ እስከ ታች ተተርትራለች፤ ስፖንጁ ተልጦ ሽቦው ይታያል። ባለሞያ ዓይን ሊታገሠው የማይችል ነገር ነው። እጃቸው ኪሳቸው ገባ፤ መርፌውን ጨበጠ፤ የቀረውን ክር ዳሰሰ። ለአንድ ሥራ ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም። ግራ ብብታቸው ሥር የትራሱ ክፍት አፍ ጎናቸውን ይነካቸዋል።

እጃቸው ባዶውን ወጣ።

«ሰኞ ጋራዥ አምጣው።»

«እስክንነሳ እንኳ፣ አንድ ሁለት ስፌት...»

«አንድ ሁለት ስፌት የሚባል ነገር የለም። የት እንደምጀምር አውቃለሁ፤ ስጨርስ የት እንደምገኝ ግን ዛሬ አየሁት።»

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። ጋሽ ስፖንጅ ግን እየቀለዱ አልነበረም። ቦታቸው ተመልሰው ሁለቱንም እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ተቀመጡባቸው፤ ወደዚያች ወንበርም ላለማየት አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ጠመዘዙ።

በመመለሻው ላይ እንደ ጋሽ ስፖንጅ ያለ ተሳፋሪ በዚያ መስመር የታየ አይመስለኝም። እትዬ ሳሙና ለመውረድ «ወራጅ!» ማለት እንደሚያስፈልግ ጠዋት መክረዋቸው ነበር። ስለዚህ ሞተሩ ገና ሲነሳ «ወራጅ!» አሉ።

«ገና አልተነቃነቅንም አባባ።»

በሚቀጥለው ፌርማታ «ወራጅ!»

«ገና ነው።»

ከዚያ በኋላ ባለው ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ አዲስ የገቡት ተሳፋሪዎች ሁሉ ባንድ ድምፅ «ገና ነው!» አሏቸው። ጋሽ ስፖንጅ አልተቀየሙም፤ ሰው ሁሉ መውረጃቸውን ማስታወሱ ጠቀማቸው። የውሃ ታንከሩ አረንጓዴ ሆድ ከቤቶቹ በላይ ብቅ ሲል እሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል። የፊተኛው በር ነው። የሚገቡትን ሰዎች እየገፉ፣ ይቅርታ እያሉ፣ ትራሱን ከፍ አድርገው ወረዱ።

ከፌርማታው በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ የሚጣ መስኮት አለ። ለማወቅ አይከብድም፤ መጋረጃው ሰማያዊና ግራጫ መስመር ያለው የአውቶቡስ ፎደራ ነው። ስታገባ እሳቸው ናቸው የሰፉላት፤ አማቻቸው አንዴ «መኪና ነድቼ እቤቴ ስገባም መኪና ውስጥ ነኝ» ብሎ ነበር። መጋረጃው ተዘግቷል።

ጋሽ ስፖንጅ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመው ቀና ብለው አዩት። አልተጣሩም፤ ምን ብለው እንደሚጣሩ የጠፋቸው ይመስላሉ።

ሹፌሩ ጡሩምባውን ረገጥ አድርጎ ያዘው። ትኬት ቆራጯ ግማሽ አካሏን በመስኮት አወጣች።

«እህቴ! ነይ አባትሽን ተረከቢን!»

«ገና ነው!» ብሎ ከውስጥ አንዱ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቁ።

መጋረጃው በአንድ ጥጉ ተነቃነቀ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ሚጣ ያየችው ይህን ነው፤ መንገድ ዘግቶ የቆመ አውቶቡስ፣ በየመስኮቱ የተደረደረ የማታውቀው ሰው ፊት፣ ከመስኮቶቹ በታች ትራስ ያቀፉ አባቷ። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ በሩን ከፍታ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ዞር በይ፣ ወገብሽን ልለካው» አሉ።

«መጀመሪያ ሰላም በለኝ እንጂ፣ አባዬ!»

ሰላም አሏት። ረጅም ሰላምታ ነበር፤ ትራሱ መሃላቸው ገብቶ ተጨፈለቀ። ከዚያ አዞሯት፤ ወገቧን በስንዝራቸው ለኩ፤ ከስፖንጁ ትንሽ ቀነሱ። ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ተንበርክከው ሰፉ፤ ክሩ ለጥቂት በቃቸው። ሚጣ ወንበሩ ላይ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«እንዴት ነው? ይጎረብጣል?»

ሚጣ ወደ ትራሱ ይበልጥ ተደገፈች።

«ካልተመቸሽ እፈታዋለሁ፤ ብቻ ክር—»

«አባዬ፣ ዝም በል። ልቀመጥበት።»

ከውጭ አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሲነሳ ተሰማ፤ ሁለቱም ሳቁ።

«አሁን እንዴት ትመለሳለህ?»

«በአውቶቡስ ነዋ» አሉ፤ ሲሉት የዕድሜ ልክ ተሳፋሪ ይመስሉ ነበር። «በሚቀጥለው እሑድም እመጣለሁ። ብዙ ክር ይዤ።»

«ክር ይዘህ እንዳትመጣ!»

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ፌርማታው ላይ ቆሙ። አውቶቡሱ ከሩቅ ሲታይ ግራ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ፊት ለፊታቸው መጥቶ ቆመ። ጋሽ ስፖንጅ ወደ መስኮቱ ቀና ብለው ልጃቸው ማየት አለማየቷን አረጋገጡ፤ ቆይ ሲሉት የሚቆይ አውቶቡስ አሁንም በዓለም ላይ አለ።

ሚጣ አየች። ከዚያ አባቷ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ በኋላው በር በኩል ከሚወርዱት ጋር እየተጋፉ ሲገቡም አየች።